ኮኮናትም የሚረጋ ዘይት ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የጤና ገጻችሁን ሁሌ ነው የማነበው፣ ለእናቴም ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ ለዛም ነው ሰሞኑን የኮኮናት ዘይት ለልብ ጥሩ ነው ኮሌስትሮል ያወርዳል የሚል ስታወጡ ዝም ማለት ያቃተኝ። ይሄንኑ ወሬ አምነን እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ።

አምና እህቴ ከዲሲ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ብልቃጥ የኮኮናት ዘይት ይዛ መጣች፣ ኦርጋኒክ ቨርጂን ምናምን የሚል። እማዬ 63 ዓመቷ ነው፣ ኮሌስትሮልሽ ትንሽ ከፍ ብሏል ምግብሽን አስተካክይ ተብላ ነበርና ጠዋት በባዶ ሆዷ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማታ ደግሞ አንድ መውሰድ ጀመረች፣ ልክ እንደ መድኃኒት ሰዓት ጠብቃ። ከአራት ወር በኋላ ስትመረመር መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚሉት፣ ከ138 ወደ 161 ወጥቷል። ዘይቱ ብቻ ነው ያደረገው ብዬ አልምልም፣ ግን ሐኪሟ ምን የቀየርሽው ነገር አለ ሲላት ሌላ የምትነግረው አልነበራትም።

የዛን ቀን ማታ ብልቃጡን አዙሬ ጀርባውን አነበብኩት። በአንድ የሾርባ ማንኪያ 14 ግራም ቅባት፣ ከዛ ውስጥ 12 ግራሙ ሳቹሬትድ ፋት፣ ማለትም ያ የሚረጋውና መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው የስብ ዓይነት። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ኤልዲኤላቸውን ማውረድ ላለባቸው ሰዎች በቀን 13 ግራም አካባቢ ይበቃል ነው የሚለው፣ እማዬ እኮ ቁርስ ሳትቀምስ ልትጨርሰው ምንም አልቀራትም ነበር።

የሚያናድደኝ ደግሞ ከሸማቾች የምንገዛውን የፓልም ዘይት "የሚረጋ ዘይት ነው፣ ልብ ይዘጋል" እያልን ስናማ መኖራችን ነው። ፓልም ግማሽ ገደማው ነው ሳቹሬትድ የሆነው፣ ኮኮናት ግን ከ80 በመቶ በላይ፣ ቅቤ እንኳን አይደርስበትም። ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል፣ ሐምሌ ላይ እኛ ቤት ነጭ ሆኖ ደርቆ እማዬ በማንኪያ ጫፍ ፍቃ ነበር የምታወጣው። ዓይናችን እያየ ብልቃጡ ውድና የሚያምር ስለሆነ ብቻ የሚረጋ ዘይት መሆኑ አልታየንም።

ጥናቱም ግልጽ ነው። ይኸው የልብ ማኅበር በፈረንጆቹ 2017 ሰባት ሙከራዎችን አይቶ በሰባቱም ኤልዲኤል ጨምሯል፣ አትጠቀሙት ብሏል። በ2020 ደግሞ 16 ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከሌሎች ከማይረጉ የአትክልት ዘይቶች ጋር ሲወዳደር ኤልዲኤልን እማዬ በተለካችበት መለኪያ በ10 ገደማ ከፍ ያደርጋል። ጥሩውንም ኮሌስትሮል ትንሽ ይጨምራል፣ እውነት ነው፣ ግን ያ መጨመሩ ልብን እንደሚጠብቅ አልተረጋገጠም። ዝናው በከፊል የመጣው ኤምሲቲ በሚባል ለብቻው ተለይቶ በሚዘጋጅ ዘይት ላይ ከተሠሩ ጥናቶች ነው፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ የሚባል የቅባት ዓይነት ነው፣ እሱን ደግሞ ሰውነት በአብዛኛው እንደ ሌላው ቅባት ነው የሚያየው። በ2016 አሜሪካ ውስጥ ሲጠየቁ ከሕዝቡ 72 በመቶው ጤናማ ነው ሲል ከሥነ ምግብ ባለሙያዎቹ እንደዛ ያለው 37 በመቶው ብቻ ነበር። እህቴም ከዛው አገር ሰምታ ነው ያመጣችልን፣ በፍቅር ነው ያመጣችው፣ አልወቅሳትም።

ሌላው የጾም ነገር ነው። ከዛፍ የተገኘ ነው ተብሎ በጾም በቅቤ ፋንታ ሽሮ ላይ ጣል የሚያደርጉ ሰዎች እያየሁ ነው። የጾም ነው አዎ፣ ግን ልባቸው ከቅቤ ያረፈበትን ወራት መልሰው በባሰ ስብ እየሞሉት ነው። ኑጉ ሱፉ ሰሊጡ እኮ የማይረጋ፣ ልብም የማይጎዳ ዘይት ነው፣ ያውም የራሳችን፣ የተደባለቀበት እንዳይሆን ከሚያምኑት ቦታ መግዛት ነው እንጂ።

አልፎ አልፎ ወጥ ላይ ለጣዕም ጠብ ቢል ማንም አይሞትም፣ ለፀጉርና ለደረቀ ቆዳም ጥሩ ነው። እኔ የምለምናችሁ ኮሌስትሮል ያወርዳል ያላችሁትን በዛው ገጽ ላይ እንድታርሙት ነው፣ ምክንያቱም እንደ እማዬ ጋዜጣ ላይ የወጣን ነገር ሐኪም እንደተናገረው አድርገው የሚይዙ ብዙ እናቶች አሉ። የእኛ ብልቃጥ አሁን ሻወር ቤት ነው ያለው፣ ፀጉሯን ትቀባበታለች፣ ወጡን ወደ ኑግ መልሰናል፣ ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ትመረመራለች።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ