ከድስቱ አንድ ጭልፋ ለጎረቤት፦ የቤት ምግብና የበጎ ሥራ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ጥቅምት ላይ ክበቡ ሲመሠረት «ተማሪ የሚመጣው ለትምህርት ነው እንጂ ለወጥ ሥራ አይደለም» ያሉን ነበሩ። መልሳችን ያኔም አሁንም ያው ነው። ከገጠር ወደ ጎንደር መጥተው፣ ከቅዳሜ ገበያ እስከ ማራኪ ባሉት ሰፈሮች አንዲት ክፍል ለሁለት ለሦስት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉን። እሑድ ማታ ከቤተሰብ የተላከው ስንቅ ይደርሳል፤ ረቡዕ ላይ እንጀራው ይሻግታል፤ ሐሙስና ዓርብ ቆሎ ነው። ሽሮው በፌስታል ተቋጥሮ ጥግ ላይ ተቀምጦ ልጁ ጦሙን ያድራል፣ ሠርቶ አያውቅማ። በተለይ ወንዶቹ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስኩ ላይ ድፍት የሚል ተማሪ ያየ መምህር ሁሉ ይህ ክበብ ለምን እንዳስፈለገ አይጠፋውም።

የስብሰባውን ነገር ባጭሩ፦ በየሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለችው አሮጌ የዕቃ ክፍል ተገናኘን፤ ሥራ አስፈጻሚ ተመረጠ፤ መዋጮ ተሰበሰበ። በ14 አባላት ጀምረን በ31 ጨርሰናል፤ ከእነዚህ 17ቱ ወንዶች ናቸው።

በሽሮ ብቻ ሦስት ዓርብ ቆየን፤ ቆይታውም አያስቆጭም። ለሦስት ሰው ልኩ ይህ ነው፦ ሁለት መካከለኛ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሦስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የውሃ ብርጭቆ ሽሮ፣ አራት ብርጭቆ ውሃ። ደቆ የተከተፈው ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት በለስላሳ እሳት ይቁላላል፤ ድስቱን ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ዘይቱ የሚገባው ሽንኩርቱ ከለሰለሰ በኋላ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱ ይከተላል፣ ከዚያ ሦስቱ ብርጭቆ ውሃ ገብቶ ይፈላል። ልጆቹ ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ዱቄቱን በፈላው ውሃ ላይ ይበትኑታል። የፈላ ውሃ የዱቄቱን ውጭ ወዲያው አብስሎ ይዘጋዋል፣ ውስጡ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል፤ ጓጎለ የምንለው ይህ ነው። ስለዚህ ሽሮውን በአራተኛው ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ፣ በአንድ እጅ እያማሰሉ በሌላው በቀስታ ማፍሰስ። ከዚያ ዘይቱ ላዩ ላይ ብቅ እስኪል ድረስ፣ እስከ 20 ደቂቃ ይንተክተክ። ጥሬ ጥሬ የሚል ሽሮ ቶሎ የወረደ ሽሮ ነው። ጨው መጨረሻ ላይ ተቀምሶ ይጨመራል፤ ከቤት የሚላክ ሚጥን ሽሮ አንዳንዴ ጨው አለውና።

ምስርም ተማርን። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጥራጥሬ ቆላ ካለው ዘመድ ቤት ይልቅ እዚህ የሚዘገየው ለዚህ ነው። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ምስር ክክ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። ቲማቲም የሚገባው ምስሩ ከበሰለ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ኮምጣጣነቱ ጥሬውን አልለሰልስ ያሰኘዋል። የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራን ሁለቱን ነገር መጥተው ስላስረዱልን እናመሰግናለን።

አንድ ነገር ግን ከምግብ አሠራሩ ሁሉ አስቀድመን በየወሩ ደጋግመናል፦ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ «አሁን ደህና ነው» ብሎ ወደ ውስጥ ማስገባትና በሩን ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል፤ ገዳዩ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ብርድ ቢሆንም ደጅ ይሠራ፣ ደጅ ይጥፋ። ተከራይ ልጅ ያላችሁ ወላጆች እባካችሁ ይህንን ድገሙላቸው።

የበጎ ሥራው ደንብ አጭር ነው፤ ከሠራነው ድስት ጭልፋ ለሰው ይወጣል። እዚህም የተማርነው አለ። ሽሮ ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር ለሰው የሚወሰደው ቀጠን ይላል። ዕቃችንን ትተን አንመጣም፤ እናቶቻችን የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ይከብዳቸዋል፣ ከሌላቸው ላይ የሚጨምሩበት ሲፈልጉ ይቸገራሉ። ስለዚህ ወደራሳቸው ሳህን ገልብጠን የእኛን ወዲያው ይዘን እንወጣለን። ለታማሚ አጥሚት ሲወሰድ አስታማሚውንና ነርሷን አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ሳንጠይቅ ስኳር ያለው አጥሚት ይዘን የስኳር ሕመምተኛ ዘንድ ደርሰን ነበር፤ ነርሷ በጊዜ መለሰችን።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ በአንዱ ቅዳሜ ምስር ወጥና እንጀራ ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በሚወስደው መንገድ ያሉ አራት አረጋውያን ቤት ሄድን። ከክበቡ የወጣው መመሪያ አድርሶ ቶሎ መውጣት፣ ከምግቡም አለመቅመስ ነበር። ሁለተኛው ቤት ያሉት እናት መርቀው ተቀበሉን፣ ሳህኑን በሰፌድ ከድነው መደቡ ላይ አስቀመጡት። አንድ ዝምተኛ የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ እሱም ስንቀኛ ነው፣ «እማማ፣ ይቀዘቅዛል፤ አይበሉም?» አላቸው።

«ብቻየን አይወርድልኝም፣ ልጀ።»

ልጁ ወደ በሩ፣ ወደ መምህሩ ዞር ብሎ አየ። ፈቃድ ግን አልጠበቀም። ጆጉን አንስቶ እጃቸውን አስታጠበ፣ የራሱን ታጠበ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እሳቸው የመጀመሪያውን ጉርሻ «በሞቴ!» ብለው አጎረሱት፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎም ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ እሱ በተራው፣ ጥርሳቸው ጥቂት መሆኑን ልብ ብሎ፣ እንጀራውን ወጡ ውስጥ አርሶ፣ አነስ አነስ እያደረገ ያጎርሳቸው ጀመር። ሳህኑ ተጠረገ። ሌሎቹ ልጆች በሩ ላይ ቆመው እያዩ ማንም «እንሂድ» አላለም።

አንዲት ልጅ ደግሞ ጥግ ላይ አንድ ቁና ምስር አየች። እዚያ ቤት ምስር አልጠፋም፤ የጠፋው ጠጠሩን የሚለቅም ዓይን ነው። አራት ሆነው ሰፌዱን ይዘው ተቀመጡ፣ በግማሽ ሰዓት ጨረሱት።

መመሪያው በቀጣዩ ዓርብ ተለወጠ። አሁን በየቤቱ ሁለት አባላት ይመደባሉ፤ ጥሬ ይለቅማሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ መርፌ ውስጥ ክር ይሰካሉ፣ አብረው ይበላሉ። የሚወሰደው ምግብ ቀነሰ፣ የሚቆዩበት ጊዜ ረዘመ፤ በዓመቱ ከወሰንነው ሁሉ ይህ ትክክለኛው ነበር።

ያልሆነልንም አለ። ውሃ ጠፍቶ አራት ዓርብ ሳንሠራ ቀረን። ያለችን አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለች፤ ከዚያ ወዲህ በከሰል ነው የምንሠራው። በርበሬ የማቁላላቱን ትምህርት በዘይት ዋጋ ምክንያት ዘለልነው። ለሌሎች ክበባት ኳስና ማሊያ ሲገዛ ደስ ብሎናል፤ ለእኛ ግን «ምግቡ ከየቤቱ ይምጣ» መባሉ ቤቱ ምንም ለሌለው ልጅ መልስ አይሆንም።

የምንፈልገው ይኸው ነው፦ አንድ ትንሽ ሮቶ ወይም አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ አንድ ምድጃ፣ ሁለት ትልልቅ ድስት፣ ቁልፍ ያለው አንድ ቁም ሳጥን። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ያገለገለ ዕቃ ቢሰጡን በደስታ እንቀበላለን፤ ሽንኩርትና ምስር በኪሎም በግማሽ ኪሎም ይመጣልን።

ክረምት ላይ የገጠሮቹ ልጆች ለእርሻ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። አራቱን ቤቶች ከተማ የሚቀሩት ዘጠኝ አባላት ተከፋፍለዋቸዋል፤ የሁለተኛውን ቤት ቅዳሜ ግን ያ የ9ኛ ክፍል ልጅ ለማንም አልሰጥም ብሏል። የአባቱ አገር ሩቅ ስላልሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ በዚያው ይገባል።