ስለ ነጩ ፍርፋሪ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ድምፄን አጥፍቼ ስለቆየሁ ይቅር በለኝ። የሰማይ ድንጋይ ዕድሜ በምን ይታወቃል ብለህ ጠይቀኸኝ ነበርና ዛሬ ልመልስልህ።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1969 ሌሊት ሜክሲኮ፣ ቺዋዋ ውስጥ የወረደውን፣ አዬንዴ የተባለውን የሰማይ ድንጋይ እንውሰድ። ከ2 ቶን በላይ ተለቅሟል። ሲሰነጠቅ መደቡ ጥቁር ግራጫ ነው፤ በላዩ የአይብ ፍርፋሪ የመሰሉ ነጫጭ ቅንጣቶች ተበትነውበታል፤ አንዳንዱ ሽንብራ ያክላል። ካልሲየምና አሉሚኒየም የበዛባቸው እነዚህ ናቸው። ፕላኔት ሳይኖር፣ በፀሐይ ዙሪያ የጋለው ጋዝ ሲበርድ ቀድመው የረጉት ሂቦናይት፣ ሜሊላይትና ስፒኔል የተባሉ ማዕድናት እዚህ ውስጥ አሉ።

ሲቆረጥ ውሃ ባይነካው ይሻላል፤ ብረቱን ያዝገዋል፣ የሚሟሟውን ያጥበዋል። በቀጭን የአልማዝ መጋዝ፣ በአልኮል እያቀዘቀዙ ነው። ማለስለሻውም የአልማዝ ዱቄት ይሁን። የተለመደው የአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ዱቄት ስንጥቅ ውስጥ ከቀረ፣ ልንለካ የፈለግነውን አሉሚኒየም ራሳችን ጨመርንበት ማለት ነው።

አሉሚኒየም 26 የሚባለው ጨረር አመንጪ የአሉሚኒየም ዓይነት በ700,000 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከዚያ ዘመን የቀረ የለም፣ ማግኒዥየም 26 ሆኗል። ስለዚህ በአንድ ቅንጣት ውስጥ ስፒኔሉ፣ ሜሊላይቱና አኖርታይት የተባለው ሌላው ማዕድን ለየብቻ ይለካሉ። ከማግኒዥየም አንጻር አሉሚኒየም በበዛበት ማዕድን የማግኒዥየም 26 ትርፉም በዚያው ልክ ካደገ፣ ልኬቶቹ በግራፍ ላይ ሲቀመጡ ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ይሰለፋሉ። መስመሩ የሚነግረን፣ መጀመሪያ ላይ ከ100,000 የአሉሚኒየም አቶም 5 ያህሉ አሉሚኒየም 26 እንደነበሩ ነው።

የአዬንዴ ጣጣ አኖርታይቱ ላይ ነው። ድንጋዩ በአስትሮይድ ሆድ ውስጥ ሳለ ሙቀትና ፈሳሽ ነካክቶታል፤ ኔፌሊንና ሶዳላይት የተባሉ ሌሎች ማዕድናት በቅለውበታል፣ ማግኒዥየሙም ከቦታው ተነቃንቋል። ነጥቡ ከመስመሩ በታች ቢወድቅ «ይህኛው ዘግይቶ ተፈጠረ» ለማለት አትቸኩል። በዚህ በኩል ካዛክስታን የተገኘው ኤፍሬሞቭካ የተባለው የሰማይ ድንጋይ ይሻላል።

ዓመቱ ራሱ የሚወጣው ከእርሳስ (ከብረቱ) ነው፤ ዩራኒየም 238ም 235ም ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ይለወጣሉና። ቅንጣቱ ደጋግሞ በአሲድ ይታጠባል፤ ከምድር የገባበት እርሳስ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ይወጣል፣ ለስሌት የሚፈለገው መጨረሻ የሚቀረው ነው። የዩራኒየም 238 ለ235 ምጣኔ ግን የትም 137.88 ነው እየተባለ ሳይለካ ይወሰድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የአዬንዴ ቅንጣቶች ሲለኩ ከአንዱ አንዱ ተለያየ፤ ስሌቱን እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት ያዛንፋል! በ2012 ምጣኔው በየቅንጣቱ ተለክቶ 4,567.3 ሚሊዮን ዓመት ወጣ፤ ቢዛነፍ በ160,000 ዓመት ነው። ምጣኔውን ሳይለካ የተሰላ ዕድሜ ካነበብክ እኔ አላምነውም፤ አንተም አትመነው።

ደብዳቤህን እጠብቃለሁ። ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ወዳጅህ