የሪቻርድ አለን መጽሐፋችን ውሃ ገባበት፤ እባካችሁ እንደገና እናሳትመው

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ፣ የፊላደልፊያ ወንድሞችና እህቶች።

አዎ፣ አሁንም እኛው ነን። ልመናችን እንደሰለቻችሁ እናውቃለን፤ እኛንም ሰልችቶናል። ግን ባለፈው ሳምንት የምድር ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ ካስተረጎምነው የሪቻርድ አለን መጽሐፍ 400 ቅጂ 260ው በሰበሰ። አዳራሹ ወንበር ላይ ዘርግተን በፋን ለማድረቅ ሞከርን። አንዱን በቢላ ስከፍተው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ተላጠና ፊት ለፊቱ ካለው ገጽ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ኢንሹራንሱም ለመጽሐፍ አይከፍልም ተባልን።

ልጆቻችን ስድስተኛውና ሎምባርድ ጎዳና ጥግ ላይ ባለው በዚያ ቤተ ክርስቲያን በር ያልፋሉ፣ የማን እንደሆነ ግን አያውቁም። መሥራቹ ጥቁሩ ሰባኪ ሪቻርድ አለን እ.ኤ.አ. በ1760 በባርነት ተወለደ። እንጨት እየፈለጠ፣ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ጨው በጋሪ እያመላለሰ ነጻነቱን በገንዘቡ ገዛ። በ1787 ከባልደረባው ከአብሳሎም ጆንስ ጋር ማኅበር አቋቋመ፤ አባል በወር አንድ ሽልንግ ያዋጣል፣ የታመመና ባል የሞተባት ይረዳሉ። እድር በሉት። በነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ተንበርክከው ሲጸልዩ ጆንስን ጎትተው ሊያስነሱት ሲሞክሩ፣ ጆንስ «ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠብቁ» አለ። ጸሎቱ ሲያልቅ ጥቁሮቹ ሁሉ ተነሥተው ወጡ። በ1794 አለን አሮጌ የአንጥረኛ ቤት ገዝቶ በፈረሶቹ አስጎትቶ በራሱ መሬት ላይ አቆመው። ቤቴል የተጀመረው እዚያ ውስጥ ነው። በ1815 ደግሞ ያው ቤተ ክርስቲያን ለሐራጅ ሲቀርብ ራሱ ተጫርቶ በ10,125 ዶላር አስቀረው።

«የበፊቱ ብር የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ሰምተናል። ትርጉሙ በነጻ ነው የተሠራው። ብሩ ለማተሚያና ለሽፋን ወጣ፣ ደረሰኙ መግቢያው ላይ ተለጥፏል፣ ሄዳችሁ እዩት። አለንም ከዚህ አልዳነም። በ1793 ቢጫ ወባ ከተማውን ሲፈጅ እሱና ጆንስ በሽተኛ አስታመሙ፣ ሬሳ ቀበሩ፣ ከዚያ «አተረፉበት» ተባሉ። በዓመቱ ሒሳቡን አሳትመው አወጡት፦ ገቢ 233 ፓውንድ፣ ወጪ 411። ወደ 177 ፓውንድ ከኪሳቸው ወጥቷል ማለት ነው።

ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ብር ሊለምኑ መጀመሪያ የወጡ ቀንም አለንና ጆንስ 360 ዶላር ሰበሰቡ፤ እንደዚያ የሞላ ቀን ዳግም አላገኘንም ብሎ አለን ጽፏል። እኛም ከመጀመሪያው እሑድ በኋላ ያየነው ይኸው ነው።

የሚያስፈልገን 1,900 ዶላር፣ በእጃችን ያለው 640 ነው። መባ ነውና የአቅማችሁን፣ አሥር ዶላርም ቢሆን። በዜል (በስልክ ከባንክ ባንክ መላኪያው) ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ ላኩ፤ ሒሳቡ አልተቀየረም። ለግለሰብ ስልክ አትላኩ! ጥሬ ብር ከሆነ እሑድ በፖስታ ለገንዘብ ያዥዋ እህታችን ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ።

ስትልኩ «ለመጽሐፉ» ብላችሁ መጻፍ እንዳትረሱ። ባለፈው ሦስት ሰው ሳይጽፍ ልኮ ብሩ ለኪራይ ገባ፣ እስክናስመልሰው ሁለት ወር ፈጀብን። እንደገና፦ ዜል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ፣ «ለመጽሐፉ»። ተባረኩ።