የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ፦ ጋዙን ማን ይገፋዋል?

ዘንድሮ የክበባችንን ጊዜ የበላው አንድ ጥያቄ ነው። ኦጋዴን ውስጥ ስላለው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ እያወራን ሳለ አንዷ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ከኦጋዴን ጅቡቲ ድረስ በቧንቧ ይሄዳል ከተባለ፣ ማን ይገፋዋል?» አለች። ችግኝ ተከላውም የጥያቄና መልስ ውድድሩም ነበሩ፣ ጥሩ ነበሩ፣ በዚሁ ይለፉ።

መልሱን በቃል መንገር ይቻል ነበር። ግን ክበብ ታዲያ ለምን አስፈለገ? አዳማ ውስጥ ጎሚስታ ሞልቷል። አንዱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባጃጆቹ ሳይሰለፉበት፣ ኮምፕሬሰሩን ፈቀደልን። ረጅም ቀጭን የጎማ ቱቦ ሦስት ቦታ በስተን በየቀዳዳው ቀይ ውሃ ያለበት የግሉኮስ ቱቦ አስገባን። አየሩን በትንሹ ስንለቅ ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ያለው ውሃ ከፍ አለ፣ የመሃሉ ከሱ አነሰ፣ የጫፉ ምንም ያህል አልተነቃነቀም። ከዚያ አየሩን ዘግተን ጫፉን ወዲያው በአውራ ጣት ስንደፍነው ሦስቱም እኩል ሆኑ። አንዱ ልጅ ደግሞ መክፈቻውን ጨከን አድርጎ አዞረውና ቀዩ ውሃ የኔን ነጭ ጋዋን ጨምሮ ሁሉንም አዳረሰ።

ነገሩ ይኸው ነው። የቆመ ጋዝ ግፊት አይበላም፤ የሚሄድ ጋዝ ግን ከሰበቃ ጋር እየታገለ ግፊቱን ይጨርሳል። በመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ከ2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ የረጅም ርቀት ጋዝ ቧንቧ ግን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 100 ባር ይይዛል። እሱም ስለሚወርድ በየ60 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ጋዙን መልሶ የሚገፋ መጭመቂያ (ኮምፕሬሰር) ጣቢያ ይተከላል። ብዙዎቹ ጣቢያዎች ሞተራቸውን የሚያንቀሳቅሱት ከዚያው ቧንቧ በሚቀዱት ጋዝ ነው።

ትልቁ ክርክር የተነሳው ፍጥነቱ ላይ ነው። ጋዙ የሚፈጥነው መነሻው ላይ ነው ወይስ መድረሻው? ሁሉም ማለት ይቻላል «መነሻው ላይ» አሉ። ግን ግፊት ሲወርድ ጋዝ ይሰፋል፣ ቧንቧው ደግሞ ያው ነው፤ ስለዚህ ያንኑ ያህል ጋዝ ለማሳለፍ መፍጠን ግድ ይለዋል። ሲፈጥን ሰበቃው ይብሳል፣ ግፊቱም ይበልጥ ይወርዳል። ግፊቱ ሳይሟጠጥ መልሶ መጭመቅ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ግፊቱ ሳይቀየር የቧንቧው ዲያሜትር እጥፍ ቢሆን የሚያልፈው ጋዝ ከአምስት እጥፍ በላይ ይሆናል።

«መሃል ላይ ጣቢያ የሌለውስ የለም?» ያለ ነበር። አለ። ከሩሲያ ጀርመን በባልቲክ ባሕር ሥር የተዘረጋው ኖርድ ስትሪም 1,224 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ መነሻው ላይ እስከ 220 ባር ተጭኖበት ነበር ያለ ጣቢያ የሚሻገረው።

የኩሽናው ሲሊንደርም ተነስቷል። እዚያ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ፕሮፔንና ቡቴን ነው፣ ሲጫን ፈሳሽ ይሆናል። የተፈጥሮ ጋዝ ግን ዋናው ሜቴን ነው፤ በአዳማ ሙቀት የፈለገውን ያህል ቢጫኑት ፈሳሽ አይሆንም፣ ቢያንስ ከዜሮ በታች 82 ዲግሪ ድረስ መቀዝቀዝ አለበት።

ለመጪው ዓመት የዲያሜትሩን ሙከራ ለመሥራት ወፍራምና ቀጭን የጎማ ቱቦ እንፈልጋለን። ቤቱ ትርፍ ያለው ወላጅ በልጁ ይላክልን፣ መበሳቱ ግን አይቀርም።