ሲስተር፣ ያ እጅሽ አልደከመም?

ሚጣዬ ድናለች፣ ቤት ገብተናል። ትናንት ከወንድሟ ጋር በሪሞት ሲጣሉ ሁለቱንም ተቆጣሁና ኩሽና ገብቼ በደስታ አለቀስኩ። ያለፍንበትን ስለምታውቁት አልደግመውም። ብሞክርም አልችልም።

ፈጣሪ ይመስገን። ቀዶ ሕክምናውን የሠራችሁላት ሐኪሞች፣ የማደንዘዣ ባለሙያዎች፣ ደም የለገሳችሁ፣ ተራ ገብታችሁ ያደራችሁ ዘመዶቼ፣ በስልክ የጠየቃችሁን በሙሉ፣ ብድራችሁን እሱ ይክፈልልኝ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ሲስተር። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላልሽኝ አልጻፍኩም።

በሁለተኛው ቀን ያንን ትልቅ ጥቁር መነጽር ይዘሽ ስትመጪ ፊቴን አጠቆርኩብሽ። «ልጄ በሕመም እየተሰቃየች እናንተ ጌም ታመጣላችሁ?» አልኩሽ። ይቅር በይኝ። አንቺ እንኳን ልትቆጪ፣ ማስታገሻዋን በሰዓቱ ሰጥተሽ «ይሄ መድኃኒቱን ያግዘዋል እንጂ አይተካውም» አልሽኝ። ቨርችዋል ሪያሊቲ፣ ያ መነጽሩን ሲያጠልቁት ሌላ ዓለም ውስጥ የገቡ የሚያስመስለው ነገር፣ ለእኔ የጎረምሳ መጫወቻ ነበር። ሕመም ትኩረት እንደሚፈልግ፣ ሐሳብ ወደ ሌላ ሲሄድ ሕመሙም እንደሚለዝብ በሹክሹክታ ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ።

እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ አነበብኩ። ሃንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን የሚባሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በእሳት የተቃጠሉ ሕሙማን ላይ ሞክረውታል። ኋላም የበረዶ ዓለም ሠሩላቸው። ቁስሉ ሲጸዳ ሕመምተኛው በመነጽሩ ውስጥ የበረዶ ኳስ ይወረውራል። ለተቃጠለ ሰው በረዶ! ያሰበውን ጭንቅላት ይባርከው።

እኔ የማልረሳው ግን እጅሽን ነው። መነጽሩ ለ11 ዓመት ልጅ ከብዶ አፍንጫዋ ላይ ይንሸራተት ነበር። ማሰሪያውን ብታጠብቂው ያማታል። ስለዚህ ከሥር በመዳፍሽ ደገፍሽው። ቆመሽ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ። መነጽሩ ውስጥ የምታየውን ዓሣ ተከትላ ወደ ግራ ስትዞር አብረሽ ዞርሽ፣ ወደ ቀኝ ስትዞር አብረሽ ዞርሽ። «ሳቢ… ቀስ… አሁን አረፋውን ንፊው» አልሻት። ስፌቱን ፈርታ በጥልቀት መተንፈስ እምቢ ያለች ልጅ ነፋች! ደግማ ነፋች! መርፌ ያልተሰካበትን እጇን ዘርግታ አየሩ ላይ የሆነ ነገር ዳበሰች። «እማዬ፣ ኤሊ!» አለች። ከዚያ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ «ኧረ ስፌቴን!» ብላ ጮኸች።

መነጽሩን አውልቀሽ ልጆች ሕመማቸው ምን ያህል እንደሆነ የሚጠቁሙበትን ያንን የፊቶች ሥዕል አሳየሻት። ጠዋት የሚያለቅሰውን ነበር የጠቆመችው። አሁን ጣቷ ከሱ ሁለት ፊት ወደዚህ መጣ። ሕመሙ ጠፋ ብዬ አልዋሽም፣ አልጠፋም። ለእኔ ግን እነዚያ ሁለት ፊቶች ዓለም ናቸው።

ሦስተኛው ቀን ላይ «አዞረኝ፣ ሊያስመልሰኝ ነው» ስትል ሳታባብዪ ወዲያው አወለቅሽላት። «አንዳንድ ሰው ላይ ያጋጥማል፣ ዛሬ ይቅርብን» ብለሽ አጠገቧ ተቀመጥሽ። ስለ ኤሊው ስትጠይቂያት፣ ስትቀባጥርልሽ፣ ፋሻዋ ተቀይሮ አለቀ። ያን ቀን ያለ መነጽር!

ስማችሁን ያልጠራኋችሁ አትቀየሙኝ፣ ጭንቅላቴ ገና አልተመለሰም። ሌሊት ወለል ስትወለውዪ ልጄ እንዳትባንን ባልዲውን ሳትጎትቺ ተሸክመሽ የምታልፊው እናት፣ ስምሽን እንኳ አልጠየቅኩም። አፈርኩ።

ሲስተር፣ ለቀጠሮ ስንመጣ እናይሻለን። እስከዚያው ሚጣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች፦ ኤሊውን ለሌላ ልጅ አሳየሽው ወይ?