ለሮክቪሉ ቀይ ፍርድ ቤት የአማርኛ ቡክሌት እናሳትም፣ እጃችሁን ዘርጉልን

ሰላም ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ሮክቪል ፍርድ ቤት ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የጋብቻ ላይሰንስ ያወጣንበት ወይ ጁሪ ዱቲ ተጠርተን ስንቆራጠጥ የዋልንበት አዲሱ ህንፃ ነው፣ ፓርኪንግ ፍለጋ ስንዞር ግን ባለ ማማውን ቀይ የጡብ ቤት አይተነው እናልፋለን፣ ቤተክርስቲያን የሚመስለውም አለ። እሱ ነው የድሮው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፍርድ ቤት፣ የባልቲሞሩ አርክቴክት ፍራንክ ዴቪስ ዲዛይን አድርጎት በፈረንጆች 1891 የተሰራ። ስታይሉን ሮማነስክ ይሉታል፣ ወፍራም ግንብ፣ አናታቸው ግማሽ ክብ የሆነ ቅስቶች፣ ለኔ ከአዲሱ ረጅም ህንፃ አስር እጥፍ ያምራል። ያኔ ሮክቪል ባቡር ከገባላት ገና 18 ዓመቷ ነበር፣ ትንሽዬ ከተማ።

በ1960ዎቹ ከተማ እናድስ ብለው ዳውንታውኑን በዶዘር ጠረጉት፣ ትልቅ ሞል ሰሩበት፣ 1972 ተከፈተ፣ ገበያው አልሆነለትም፣ በ90ዎቹ እሱም ፈረሰ! ቀዩ ቤት ግን ይኸው አለ። ፒያሳ ሲፈርስ አንጀቱ ያረረ ሰው ይሄ ይገባዋል።

ጎኑ ያለው ግራጫው ፍርድ ቤት የ1931 ነው። ዊልያም ጊብስ የሚባል የጥቁሮች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ለምንድነው ከነጮቹ ያነሰ ደመወዝ የሚከፈለኝ ብሎ 1936 መጨረሻ ላይ እዚሁ ሮክቪል ከሰሰ፣ ጠበቃው ደግሞ ገና ወጣቱ ተርጉድ ማርሻል ነበር፣ ኋላ የመጀመሪያው ጥቁር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው። 1937 ላይ ካውንቲው ደመወዙን አስተካክላለሁ ብሎ ተስማማ። እዛው አካባቢ ከ1913 ጀምሮ የኮንፌደሬት ወታደር፣ ማለትም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነት እንዲቀጥል የተዋጋው የደቡቡ ወገን ወታደር ሀውልት ቆሞ ነበር እኮ፣ የተነሳው 2017 ነው።

ይሄን ሁሉ ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ያነቡታል፣ እናትና አባቶቻችንስ? ስለዚህ ፎቶ ያለው የአማርኛ ቡክሌት፣ አይን ለደከማቸው ደግሞ ኦዲዮ ልናዘጋጅ ነው። ፅሁፉን በነፃ የሚሰሩ ልጆች አሉን፣ የጎደለን የህትመትና የስቱዲዮ ብቻ ነው፣ 3000 ዶላር። የቻለ 50፣ ያልቻለ 5፣ በዜልም በጎፈንድሚም ይሆናል። ብሩ የት ገባ የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን፣ መምጣትም አለበት፣ ደረሰኙን አንድ በአንድ እንለጥፋለን። ገንዘብ ያልተመቸው ጥሩ ድምፅ ካለው ለኦዲዮው ያንብብልን፣ ቀዩ ቤት ፊት የሰርግ ፎቶ የተነሳችሁም ካላችሁ ላኩልን፣ መጨረሻ ገፅ ላይ እናስገባችኋለን።