የባዮሎጂ ክበብ፦ እርጎው፣ የወይራው ጢስና ጦስኙ

ክበባችን በ2017 የትምህርት ዘመን የያዘው ጥያቄ አንድ ነው። የእርጎ ዕቃ በወይራ ሲታጠን፣ እርጎው ላይም ጤና አዳም ጣል ሲደረግ፣ ወተቱን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ምን ይሆናሉ? አራት ኪሎ ላይ ሆኖ ይህን ለመመርመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ወይራውም ቅጠሉም ከመርካቶ ይገዛል። የሚከብደው ማነጻጸሪያውን በትክክል ማዘጋጀት ነው።

ጥሬ ወተት የብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ሊይዝ ስለሚችል ለሙከራ የረጋ እርጎ አይቀመስም። ወተቱ እንደመጣ በላክቶሜትር (የወተትን እፍጋት ከውኃ ጋር በሚያነጻጽር መለኪያ) ይለካል፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ1.028 በታች ካነበበ ውኃ ገብቶበታል ብለን እንጠረጥራለን። ላክቶሜትር የማያሳየው ግን አንቲባዮቲክን ነው። ለጡት በሽታ በቅርቡ የታከመች ላም ወተት ንጹሕ መስሎ ሳይረጋ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ወተት ጥቂቱን አፍልተን፣ አቀዝቅዘን፣ በታመነ እርሾ እንሞክረዋለን። ያ ካልረጋ ጥፋቱ የጢሱ አይደለም።

ለጢሱ ሙከራ ሁለት ተመሳሳይ ቅሎች ይዘጋጃሉ፤ አንዱ በወይራ ይታጠናል፣ ሌላው በፈላ ውኃ ብቻ ይታጠባል። አሲዱን ለመለካት ጠዋትና ማታ ከየቅሉ 10 ሚሊ ሊትር ይቀዳና ጥቂት የፊኖልፍታሊን (አሲዱ ሲያልቅ ሮዝ የሚሆን አመልካች) ጠብታ ይጨመርበታል። ከዚያ ፈዛዛው ሮዝ ቀለም ለ30 ሴኮንድ ሳይጠፋ እስኪቆይ አሲዱን የሚያከስም 0.1 ኖርማል (የመጠን መለኪያ) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይንጠባጠብበታል። የፈሰሰው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 0.009 ግራም ላክቲክ አሲድን (ወተቱን የሚያኮመጥጠውን አሲድ) ይወክላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ወተት ለመርጋት ቀናት ይወስዳል፤ አንዱ ቅል መስኮት አጠገብ፣ ሌላው ጥግ ከተቀመጠ የምንለካው ጢሱን ሳይሆን ብርዱን ነው። የቅል ግድግዳም ቀዳዳማ ስለሆነ የቀድሞውን እርጎ ባክቴሪያ ደብቆ ያስተላልፋል። በዚህ ምክንያት በየዙሩ የሚታጠነውንና የማይታጠነውን ቅል እናለዋውጣለን። ይህንን አድርገንም የታጠነው ቅል በአሲዱ ወደኋላ ቀርቷል። ጢስ ውስጥ ያሉት ፊኖሎችና ፎርማልዲሃይድ ባክቴሪያን ስለሚያዘገዩ ውጤቱ የሚጠበቅ ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር አልፎ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ዕቃና ምግብ ሰጪ ጄሉን ከጀርም ለማጽዳት መጽሐፍ ላይ ያለው «121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» እዚህ በአንድ ባር ግፊት አይገኝም፤ የእኛ ፕሬሸር ኩከር የሚደርሰው 116 አካባቢ ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ጊዜ ወደ አሥር እጥፍ ስለሚያድግ፣ ለ5 ዲግሪ ጉድለት ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 45 ደቂቃ ግድ ነው። ያልዘራነው ባክቴሪያ ባዶ አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄል) ላይ ሲያድግ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

እርጎ በአንድ ሚሊ ሊትር በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ 1 ሚሊ ሊትር በ9 ሚሊ ሊትር የጨው ውኃ (0.85 በመቶ) እየቀጠነ ስድስትና ሰባት ጊዜ ይወርዳል፤ በየደረጃው ፒፔቱ (ፈሳሽ መቅጃው ቱቦ) ካልተቀየረ ቆጠራው ይበዛል። አጋሩ ላይ በሊትር 5 ግራም የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት እንጨምራለን፤ አሲድ የሚሠራ ባክቴሪያ በዙሪያው ያለውን ካልሲየም ካርቦኔት አሟሙቶ ጥርት ያለ ክብ ያወጣል። የሰሌዳ ጠመኔ አይተካውም፤ ብዙው ጂፕሰም ነው። ሳህኖቹ ሻማ በተለኮሰበት ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ በ30 ዲግሪ 48 ሰዓት ይቆያሉ። ከዚያ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይንጠባጠብባቸዋል፤ አረፋ የሚያወጣው ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ አይደለም። ባክቴሪያውን በጥርስ መጎርጎሪያ ማንሳት ይሻላል፤ የብረት ሽቦ ራሱ አረፋ ሊያስነሳ ይችላል።

ለዕፅዋቱ ጦስኝ፣ ጤና አዳምና ዳማከሴ ተመረጡ። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፤ ፀሐይ መዓዛማውን ዘይት ታተንነዋለች። 10 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ አልኮል ለ48 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ጤና አዳም የሚወቅጥ ሰው ጓንት ያጥልቅ፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል። 6 ሚሊ ሜትር የወረቀት ክብ በአልኮል በተዘፈዘፈው ጭማቂ ተነክሮ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ባክቴሪያው ላይ ከተቀመጠ የሚገድለው አልኮሉ ነው። አልኮል ብቻ የነካ ወረቀት ሁልጊዜ አብሮ ይቀመጣል።

ጦስኝ በዙሪያው ባክቴሪያ አላሳደገም፤ በውስጡ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል ይህን ያደርጋሉ። ሆኖም ይህ «ጦስኝ ያድናል» ለማለት አያበቃም። ሳህን ላይ የሚታየው ክብ ሰው ሰውነት ውስጥ ስለሚሆነው አይናገርም። ክቡ ትንሽ መሆኑም ድክመትን አያሳይም፤ ዘይት በውኃማ አጋር ውስጥ በደንብ አይሰራጭም። ደግሞ እርጎ ላይ የምትጣል አንዲት የጤና አዳም ዘለላና የተጠናከረ ጭማቂ አንድ አይደሉም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ዘለላው እንዳለ እርጎ ውስጥ ገብቶ አሲዱ ይለካል።

አዲስ አባላት ቅጠል ስታመጡ ከነአበባው ይሁን፤ የተገኘበት ቦታና ቀን ይጻፍበት። ከገበያ የሚገዛ ደረቅ ቅጠል ተቀላቅሎ ሊሆን ስለሚችል ናሙናው ተጭኖ ደርቆ አራት ኪሎ ካለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ) ናሙናዎች ጋር እስኪመሳከር ድረስ አይዘፈዘፍም።